መሬት ውስጥ ያለ ብር

ከስምንት ወር ዝምታ በኋላ የጓደኛዬ ስም ስልኬ ላይ የመጣው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። አላነሳሁም። ደግሞ ደወለ። ቁርስ የምታቀርበው ባለቤቴ «አንሳው እንጂ! ማፈር ያለበት ተበዳሪው ነው ወይስ አበዳሪው?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። የተበደረው እሱ ነው፤ እኔ ግን ከእሱ እኩል ስደበቅ ነው የከረምኩት። ቡና ልንጠጣበት የምንችለውን ካፌ ሁሉ ትቼ በሌላ መንገድ እሄድ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለታችንም ያደግነው አዳማ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙ በማይርቅ ሰፈር ነው። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ የእኔ እናት ሥራ ላይ ስለምትሆን ምሳዬን የምበላው እነሱ ቤት ነበር። አድገን እኔ ቢዝነስ ተማርኩና ማርኬቲንግ ኦፊሰር ሆንኩ፤ እሱ አንዱን ሥራ ሲይዝ ሌላውን ሲተው ቆየ። አምና ፈቃድ ካላቸው ልጆች ጋር ተደራጅቶ ወርቅ ለመፈለግ ወደ ጉጂ፣ ሻኪሶ አካባቢ ሊሄድ ተነሳ። የብረት መፈለጊያ ማሽን፣ እነሱ «ዲቴክተር» የሚሉትን ለመግዛት ብር ጎደለው። 60 ሺህ ብር ሰጠሁት። ለሦስት ወር ብቻ ብሎ ነበር። ብሩ ለልጃችን ትምህርት ቤት ምዝገባ ያስቀመጥነው ነው። ወርቁ አልተገኘም። መጀመሪያ «ትንሽ ታገሰኝ» የሚል መልእክት መጣ፤ ከዚያ እሱም ቀረ።

ስልኩን አነሳሁት። ሰላምታም አላበዛ። «ብርህን የምመልስበት ነገር አገኘሁ። እናቴ ቤት ነኝ፤ ቶሎ ና» አለኝ።

ዲቴክተር ሲባል እኔ የማውቀው ሆቴል በር ላይ ጥበቃዎች ወገባችን ላይ የሚያንሸራትቷትን ትንሽ ነገር ነበር። ግቢው ስገባ ጓደኛዬ የያዘው ግን ረጅም ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ ሰሃን የሚያክል ክብ፣ እጀታው ላይ ደግሞ ትንሽ ስክሪን አለው። እናቱ በረንዳው ላይ ስንዴ ይለቅማሉ። «አንተ ልጅ! ጠፋህ እኮ» አሉኝ። ጉንጫቸውን ስሜ አንገቴን ደፋሁ። ስለ ብሩ ይወቁ አይወቁ አላውቅም ነበር።

ዕቅዱን ያስረዳኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። አባቱ በደርግ ጊዜ፣ ቤትና ንብረት ሲወረስ ያዩ ሰው ስለሆኑ፣ ከአባታቸው የወረሱትን ማርትሬዛ በጣሳ አድርገው ግቢው ውስጥ ቀብረዋል። ይህን ለልጆቻቸው ደጋግመው ነግረዋል። «ከዘይቱኑ ሥር» ይሉ ነበር። ዘይቱኑ ግን እኛ ልጆች ሳለን ተቆርጧል፤ የት እንደነበር እርግጠኛ የሆነ ሰው የለም። አባቱ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗል።

መቼም እንዲህ ዓይነት ታሪክ የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ነው። አንድ አያት፣ አንድ ጣሳ፣ አንድ ዛፍ አይጠፋም። ማርትሬዛ ደግሞ ለመቀበር የተፈጠረ ገንዘብ ነው ማለት ይቻላል። ስሟን የሰጠችው የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በኋላ ለዘመናት የታተመው ሁሉ ግን ያንኑ 1780 እንደያዘ ወጣ። አንዱ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው። አጼ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸው ምስል ያለበትን ብር ፓሪስ አሳትመው ቢያስመጡም ሕዝቡ ማርትሬዛውን አልጣለም። ጣሊያንም ሊወረን ሲዘጋጅ በ1935 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ ማርትሬዛ ማተም ጀምሯል፤ ያለሷ እዚህ አገር መገበያየት እንደማይሆንለት ያውቅ ነበር። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲታወጅ ማርትሬዛ ከገበያ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ በሴቶች አንገት፣ በብር ሠሪዎች ወናፍ እና በተቀበረ ጣሳ ውስጥ ሆነ።

ያን ቀን ጠዋት በልቤ የሠራሁትን ሒሳብ ብነግራችሁ አፍራለሁ። ጣሳው ስንት ይይዛል? አንዱ በስንት ይሸጣል? የእኔ 60 ሺህ ተነስቶ ምን ይተርፋል? ጓደኛዬን እንዴት ሰነበትክ ሳልለው ሒሳቡን ጨርሼ ነበር።

ማሽኑ የሚሠራው እንዲህ ነው። ክቡ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል ወደ መሬት መግነጢሳዊ ሞገድ ይልካል። ከሥር ብረት ነክ ነገር ካለ ሞገዱ በውስጡ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል፤ ያም መልሶ ሌላ ሞገድ ይልካል። ማሽኑ የሚሰማው ይህንኑ ምላሽ ነው። ጮክ ብሎ ስክሪኑ ላይ ቁጥር ያወጣል። ተራ ብረት ዝቅ ያለ ቁጥር፣ መዳብና ብር ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣሉ። ሳንቲም የሚያክል ነገር ከሆነ ግን ሁለት ስንዝር እንኳ ከጠለቀ መስማቱ ያጠራጥራል። በዚያ ላይ አዳማ የተቀመጠችው የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ በተፋው አፈር ላይ ነው። ብረት ያዘለ ድንጋይ ባገኘ ቁጥር ማሽኑ ይሳሳታል፤ እናንተም ድንጋይ ትቆፍራላችሁ።

እኛም ቆፈርን። እስከ ማታ ያገኘነው ይህ ነው፦ አሥራ ሰባት ቆርኪ፣ ቁጥር የሌለው ሚስማር፣ የቆርቆሮ ቁርጥራጭ፣ ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ የጓደኛዬ ታላቅ ወንድም በልጅነቱ ጥሎት የተገረፈበት የቁልፍ ዘለበት፣ አንድ የ1969 ዓ.ም. ሳንቲም እና ዳሩ እንደ አበባ የተቆራረጠ የጃንሆይ 25 ሳንቲም። እናቱ ያችን የጃንሆይ ሳንቲም በቀሚሳቸው ጠረግ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። «በዚህች እኮ ቆሎ እገዛ ነበር» አሉ። ማርትሬዛ ግን የለም።

በሁለተኛው ቅዳሜም ያው ቆርኪ ነው የወጣው። ጓደኛዬ ስልኩን አውጥቶ ካርታ አሳየኝ። «ግቢው ካልሆነ ሌላ ቦታ አለ» አለ። ያሰበው አላባ ቁሊቶን ነው። በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ወደ ደቡብ ዞሮ ሐይቆቹን ተከትሎ ከጣሊያን ጋር ተዋግቷል። ግንቦት 6 ሻሸመኔን ያዘ፤ ግንቦት 11 ደግሞ ቢላቴ ወንዝ አጠገብ፣ ቁሊቶ ላይ ከባድ ውጊያ ተደረገ። ሊኪ የተባለ የኬንያ ጦር ሳጅን የጣሊያን ታንክ ላይ ዘልሎ ወጥቶ፣ ክዳኑን ከፍቶ ከሾፌሩ በቀር ውስጥ ያሉትን የገደለው እዚያ ነው። ያኔውኑ ሞተ፤ የእንግሊዝ ከፍተኛው የጀግንነት ሜዳሊያ ከሞተ በኋላ ተሰጠው። ጓደኛዬ «የራስ ቁር፣ ሜዳሊያ፣ ዘለበት… ውጭ አገር ሰብሳቢዎች በዶላር ነው የሚገዙት» አለኝ። ከማርኬቲንግ አንጻር ሳየው ሐሳቡ መጥፎ አልመሰለኝም። ደግሞ ብሬን ፈልጌያለሁ።

ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጠዋት በቅርስ ጥበቃ ሥራ ላይ ያለ አንድ የኮሌጅ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ሳልጨርስ አቋረጠኝ። «አዋጅ ቁጥር 209/1992ን አንብብ» አለኝ። በዚህ አዋጅ መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር ክልክል ነው። ቤት ሲሠራ ወይም መንገድ ሲቆፈር በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ማሳወቅና እስኪረከቡት ድረስ ሳይጎዳ መጠበቅ አለበት፤ ተገቢው ሽልማትም ይሰጠዋል። እንግሊዝ አገር ሕጉ ሌላ ነው። እዚያ በ2009 እ.ኤ.አ. አንድ ሰው በዲቴክተር እርሻ ውስጥ ያገኘው የወርቅ ክምችት ከ3.2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተገምቶ ለእሱና ለባለ መሬቱ ተከፍሏል። እሱም ቢሆን ያገኘውን ስላሳወቀ ነው። «የአባቱ ጣሳ የቤተሰቡ ጉዳይ ነው፤ የጦር ሜዳ ግን የማንም ጓሮ አይደለም» አለኝ የኮሌጅ ጓደኛዬ። «ደግሞ ዲቴክተርህ የዘለበትና ያልፈነዳ የመድፍ ጥይት ልዩነት አይነግርህም። ፈንጂ ሰማንያ ዓመት ስለተቀበረ አይሞትም። ልጅ አለህ አይደል?»

ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ግን አንድ ነገር ጨመረልኝ። «የድሮ ነገር ማየት ከወደዳችሁ ማሽኑን ተዉትና ገደሞታን እዩ» አለ።

በሚቀጥለው እሑድ በሞጆና በመቂ አድርገን ባቱ፣ እኛ ዛሬም ዝዋይ የምንላት ከተማ ደረስን። ገደሞታ ከሐይቁ በስተምዕራብ ያለ ከፍታ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ እነ ፍሬድ ዌንዶርፍ ቆፍረው ያጠኑት ቦታ ሲሆን፣ እዚያ የተገኙት የባልጩት መሣሪያዎች ከ270 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። በኋላ የተደረገ ጥናት ከሾሉት ድንጋዮች አንዳንዶቹ በጦር ጫፍ ላይ ታስረው ይወረወሩ እንደነበር አመልክቷል። ፀሐይ ሲያርፍበት ባልጩቱ መሬት ላይ እንደ ጥቁር ጠርሙስ ስባሪ ያበራል። ጓደኛዬ አንዱን አንስቶ በአውራ ጣቱ ጠርዙን ዳሰሰው።

«ዲቴክተሩን ብናመጣው እንኳ አይጮህም ነበር» አለኝ። «ድንጋይ አይሰማም።» መልሶ ካነሳበት ቦታ አስቀመጠው።

ሐይቁ ዳር ቆሮሶ ጠብሰው አቀረቡልን። ከብድሩ በኋላ ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንበላ የመጀመሪያችን ነበር። ጓደኛዬ ስለ ጉጂ ያወራኝ እዚያ ነው። ሁለት ወር በላስቲክ ድንኳን አድሯል። ወባ ይዞት አሥር ቀን ተኝቷል። ስልኩን ሸጦ ነው ትራንስፖርት ከፍሎ የተመለሰው። «ስልክህን ሳየው ብሩ ሳይሆን ፊትህ ነበር የሚመጣብኝ» አለኝ። እኔም ያላልኩትን ነገርኩት። የልጄን ምዝገባ የከፈልኩት ከባለቤቴ ወንድም ተበድሬ እንደሆነ፣ በዚያ የተነሳ ቤት ውስጥ ለሁለት ሳምንት እንደተኮራረፍን ነገርኩት። ዝም ብሎ አሳውን ሲያገላብጥ ቆየ። ይቅርታ አለኝ። ሰበብ አልጨመረበትም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ወደ ግቢው የተመለስነው ከፍለጋው ይልቅ የተቆፈረውን ለመድፈን ነበር። ጓደኛዬ ግን አንድ የመጨረሻ ሐሳብ መጣበት። «ዘይቱኑ ኩሽናው አሁን ያለበት ቦታ ቢሆንስ? ሲሚንቶውን እንስበረው» አለ። መዶሻ ሊያመጣ ሲነሳ እናቱ ከበረንዳው ጮኹ።

«ኩሽናዬን እንዳትነኩ! ዘይቱኑ እዚያ ጋ ነበር» ብለው ከውኃ ታንከሩ አጠገብ ያለውን ጥግ በጣታቸው አሳዩን።

ተያየን። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ስንቆፍር ሲያዩን ከርመው! ማሽኑን ጥጉ ላይ አንዴ እንዳወዛወዘው ጮኸ፤ የድንጋይ ጩኸት አልነበረም። ተራ በተራ ቆፈርን። ክንድ ያህል እንደወረድን አካፋው ቆርቆሮ ነካ። የዱቄት ወተት ጣሳ ነበር፤ ዝጎ ጎኑ ተበሳስቷል። ጓደኛዬ ተንበርክኮ ክዳኑን በቢላ ፈለቀቀው። ውስጡ ያለው ጠጠር ብቻ ነው። አንድ በአንድ የተለቀመ፣ ጣሳውን ከባድ እንዲያደርግ የተሞላ ጠጠር።

በዚያች ቅጽበት የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። ንዴት ነው። በእኚህ ምሳ እያበሉ ባሳደጉኝ ሴት ተናደድኩ። ይህን ስጽፍም ፊቴ ይቀላል።

እናቱ ቡና አቅርበው አጠገባቸው አስቀመጡን። ዳር ዳር ሳይሉ ነገሩን። አባትየው ጣሳውን ከቀበሩ ከዓመታት በኋላ፣ ደሞዝ ለወር አልዳርስ ሲል፣ እሳቸው አንድ ቀን ባላቸው ሥራ በሄዱበት ጣሳውን አወጡት። ማርትሬዛዎቹን አንድ በአንድ ወርቅ ቤት እየወሰዱ ሸጡ። አንዱ የታላቅ ወንድሙ የኮሌጅ ክፍያ ሆነ። አንዱ የእህቱ ሕክምና። የመጨረሻዎቹ ጓደኛዬ ከእኔ ጋር አብሮ እንዲማር የተከፈሉ ናቸው። ጣሳውን ጠጠር ሞልተው መልሰው ቀበሩት።

«አባቴ አላወቀም?» አለ ጓደኛዬ።

«አላወቀም። ሲጨንቀው ‹እሱ አለን› ይል ነበር። ያ ቃል ስንት ሌሊት አስተኝቶታል መሰላችሁ።»

«አንድ ቀን ቆፍሮ ቢያየውስ ኖሮ?»

«አለኝ ብሎ ያረፈ ሰው አይቆፍርም፤ የሚቆፍረው የጨነቀው ነው» አሉና ሲኒዬን ሞሉልኝ።

እኔም አልቻልኩም፤ «ታዲያ የመጀመሪያው ቀን ለምን አልነገሩንም?» አልኳቸው።

ረከቦታቸውን እያስተካከሉ ቆዩ። «ብሩን እንደሰጠኸው አውቃለሁ። ስምንት ወር ሙሉ ይህን በር አልረገጥክም። የመጀመሪያው ቀን ብነግራችሁ አንተ ወደ ቤትህ፣ እሱም ወደ ክፍሉ ይገባ ነበር። ሳያችሁ እየቆፈራችሁ ትነጋገራላችሁ። ተዋቸው አልኩ።» ከዚያ መቀነታቸውን ፈትተው በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጡ። ጆሮ የተበየደላት አንዲት ማርትሬዛ ናት፤ ከእናታቸው አንገት የወረደች። «ያልሸጥኳት ይችን ብቻ ነው። ለብድርህ ውሰዳት» አሉኝ።

በእጄ ያዝኳት። ከባድ ናት፤ ለብዙ ዓመት ደረት ላይ ስለተንከባለለች የንግሥቲቱ ፊት ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። መልሼ በጨርቁ ጠቅልዬ እጃቸው ላይ አኖርኳት።

ዕዳውን ግን አልተውኩትም። ይህን ሳልደብቅ መናገር እወዳለሁ፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ታሪክ «ብሩን ይቅር አልኩት» ብሎ ሲያልቅ ደስ ይላል። የእኛ ቤት ግን ያንን አይችልም፤ እሱም ይቅር ቢባል ኖሮ ዓይኔን ማየት ይከብደው ነበር። እዚያው ቡናው ላይ እናቱ ባሉበት ተስማማን። በወር 3 ሺህ ብር። በጽሑፍ አደረግነው፤ ባለቤቴም ፈረመች።

ማሽኑም ሥራ አገኘ። ከተማችን በየቀኑ የምትቆፈር ስለሆነች በቦታ ወሰን ላይ ተቀብሮ የጠፋ ብረት፣ አፈር የበላው የውኃ ቱቦ የሚፈልግ ሰው ሞልቷል። ባለፈው ወር ደግሞ ሶደሬ ላይ ፎቶ ስትነሳ ቀለበቷ ሣር ውስጥ የወደቀባት ሙሽራ በሰው በሰው አገኘችው። ቀለበቱ በሃያ ደቂቃ ተገኘ። ሙሽራው ከደስታው የተነሳ ከተስማሙበት በላይ ከፈለው። አንዳንድ ቅዳሜ አብሬው እሄዳለሁ፤ እኔ አካፋ እይዛለሁ፣ ልጄ ቆርኪ ትሰበስባለች። አንድ ቀን ቆርኪ ያልሆነ፣ የማናውቀው የቆየ ነገር ከወጣ ምን እንደምናደርግ ተነጋግረናል። አንነካውም፤ ለሚመለከተው እንደውላለን።

እናንተም ቤት የተቀበረ ጣሳ ታሪክ ካለ፣ ማሽን ከመከራየታችሁ በፊት እናቶቻችሁን ጠይቁ። የምትጠይቁት ግን ጊዜ ወስዳችሁ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ስልክ ተዘግቶ ይሁን። የእኛ ጥያቄ ሦስት ቅዳሜ ፈጅቷል።

ጣሳውን እናቱ አልጣሉትም። አፈር ሞልተው ጤና አዳም ተክለውበታል፤ በረንዳው ላይ ነው። ቡና በጠጣን ቁጥር ከዚያ ነው የሚቀነጠሰው።

ይህን ጽሑፍ ልጨርስ ስል ስልኬ ጮኸ። ጓደኛዬ ነው። «የአምስተኛው ወር ገብቷል፤ አየኸው?» ይላል። አየሁት። ቅዳሜ ስንት ሰዓት እንደምንገናኝ ጠየቅኩት።